መጀመሪያ ጎማው፦ ለተክለሃይማኖቱ ጎሚስታ ምስጋና

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጎሚስታ አሉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ደንበኛውም ጎረቤቱም ጋሼ ነው የሚላቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛልና አልጽፍም። ሥራቸውን ግን ሳላመሰግን ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጉልበት ያለው መኪና የያዘ ሰው፣ ወይም ጎማ ሊቀይር ያሰበ ማንም ሰው፣ ይህን አንብቦ እሳቸው ጋ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

መኪናዬ ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነው፤ በፈረንጅ የ2015 ሞዴል። ሞተሩ 5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ነው። ፋብሪካው 435 የፈረስ ጉልበት አለው ይላል። የአጎቴ ነበር፤ ወደ ውጭ ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ። ብዙ አልተነዳም። አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለውን መኪና መተካት ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ያለኝን ልንከባከበው፣ አቅሜ በፈቀደ ደግሞ ላሻሽለው ብዬ ተነሳሁ። ዝርዝሬ ረጅም ነበር። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ (ጎማው የሚጠልቅበት ብረት)፣ ድምፁ የሚያምር ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ አዲስ የአየር ማስገቢያ፣ ወደፊት ደግሞ ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ።

የጠየቅኳቸው ሁሉ ሊሸጡልኝ ነው የቸኮሉት። አንድ ቤት ቸርኬና ጎማ አንድ ላይ አውጥቶ "ዛሬውኑ ገጥመን እንስጥህ" አለኝ። ጎማው መቼ እንደተመረተ ስጠይቅ "አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም" ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም። ያኔ ነው የሰፈራችን የታክሲ ሹፌር "እስቲ መጀመሪያ ጋሼን አማክር" ያለኝ። እሱንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጋሼ መኪናውን ሲያዩ ኮፈኑን ክፈት አላሉኝም። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ ዳሰሱ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። "ልጄ፣ የት የት ነው የምትነዳው? አዳማ ትወርዳለህ? ማንን ነው የምትጭነው? ክረምት ላይ ታወጣዋለህ? ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ሥር የምታቆመው?" አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ዋጋ የሚባል ነገር እስካሁን አልተነሳም።

ቀጥለው ጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳዩኝ። ዶት (DOT) ብሎ የሚጀምር መስመር አለ። መጨረሻው ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሯችኋል። የእኔ 4214 ይላል። በፈረንጅ 2014፣ 42ኛው ሳምንት ማለት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ጎማ ገና እግሩ ላይ ነበር። ጥርሱ አላለቀም፤ ለዓይን ሸጋ ነው። ነገር ግን ጎማ ቆሞም ያረጃል። ፎርድ ራሱ ጥርሱ ባያልቅም ከ6 ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላል። ጋሼ በጥፍራቸው ጫን ሲሉት ላስቲኩ እምቢ አለ፤ ደርቋል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ጀምረዋል። እንዲህ የደረቀ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ሲዘንብ ነው።

ይህን ቁጥር እናንተም ዛሬ እዩት። ሙሉው ቁጥር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ከውጭ ካላገኛችሁት ከውስጥ በኩል ፈልጉት። "አዲስ" ተብሎ የሚሸጥ ጎማ መጋዘን ውስጥ ዓመታት አስቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ስለ ማሻሻያው ሳነሳባቸው የነገሩኝን ግን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም። "ይሄ መኪና እዚህ 435 ፈረስ የለውም" አሉኝ። ምክንያቱን በእርጋታ አስረዱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። አየርን በራሱ ስቦ የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እዚህ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱ፣ ከዚያም በላይ፣ ሄዷል። የሚቀረው 340 ቢሆን ነው። የአየር ማስገቢያና ማርሚታ ብትቀይር ድምፁ ይለወጣል፤ ስሱን አየር ግን አያወፍሩትም። ሱፐርቻርጀር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የጠፋውን ሊመልስ ይችላል። እሱ ደግሞ ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ሙቀት ያመጣል፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ያስጨንቃል። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ "ጎማህ ያለህን 340 እንኳ መሬት ላይ ማሳረፍ አቅቶታል። ሌላ መቶ ብትጨምርበት ምን ሊያደርግልህ ነው?"

እውነታቸውን ነው። መኪናው መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዷ ቦታ የሰው መዳፍ ብታክል ነው። የሚገፉት ደግሞ የኋላ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሞተሩ ፊት ስለሆነ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል፣ ኋላው ቀለል ይላል። በጋውን ሙሉ አቧራና ዘይት የጠጣ አስፋልት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ ቸርችል ጎዳና ላይ መብራት ተለቀቀ ብሎ ነዳጅ የረገጠ ሰው ኋላው ወዴት እንደሚሄድ ያየዋል። መኪናው መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ግን ጉልበት ይቀንሳል፣ ፍሬን ይይዛል እንጂ የሌለ ላስቲክ አይፈጥርም።

ከዚያ ወደ ልኩ ገባን። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ሰጡኝ፤ እኔም ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ነው።

ጎማ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንዲህ ይነበባሉ። የእኔ የፋብሪካ ልክ 235/50 አር 18 ነው። 235 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 50 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 18 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ዓይኔን የጣልኩበት ባለ 20 ኢንች ቸርኬ 255/35 ጎማ የሚጠልቅበት ነበር። ጋሼ ወረቀት አውጥተው አሰሉት። የ255/35 ጎኑ 89 ሚሊሜትር ይመጣል። በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ 255/45 ብናስገባ ደግሞ ጎኑ 115 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሁለቱም ጠቅላላ ዲያሜትር 687 ሚሊሜትር አካባቢ፣ እኩል ነው። ስፋታቸውም እኩል ነው። መሬት የሚይዘው ላስቲክ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ በጉድጓድና በቸርኬው መካከል ያለው ላስቲክና አየር ነው።

ኮሪደሩ የደረሰበት መንገድ አሁን ለስላሳ ነው፤ እሱን ያየ ሰው ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ያምረዋል። ግን ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ገባ ስትሉ ኮብልስቶን አለ፣ ከፍ ዝቅ ያለ የፍሳሽ ክዳን አለ፣ ቀለም ያልተቀባ ፍጥነት መቀነሻ አለ። 89 ሚሊሜትር ጎን እዚያ ላይ ሲመታ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይም የጎማው ጎን ውስጡ ተበጥሶ እብጠት ያወጣል። ጎኑ ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ ይጣላል። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከባድም ነው። እግሩ ላይ የተጨመረ ክብደት መነሳትንም፣ መቆምንም፣ የጉድጓድ ስሜትንም ያበላሻል። በአንድ ንግግር የፋብሪካውን ባለ 18 ቸርኬ አስቀሩልኝ፤ ቸርኬ መግዣ የያዝኩት ገንዘብ ኪሴ ቀረ። እሳቸው ቸርኬውን ገጥመው ከእኔ ገንዘብ መቀበል ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ምስጋናዬ ትልቁ እዚህ ላይ ነው።

ለምን 275 አላስገባንም የሚል ይኖራል። የፋብሪካዬ ቸርኬ ስፋቱ 8 ኢንች ነው። 255ን ይቀበላል፤ 275 ግን ሰፋ ያለ ቸርኬ ይጠይቃል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ከታነቀ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መሪው ይዘገያል። ከፋብሪካው ልክ ወደ 255/45 ስንሄድ ዲያሜትሩ የሚለወጠው ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪውም እውነቱን ይናገራል። አራቱም አንድ ልክ መሆናቸው ሌላ ጥቅም አለው። የኋላዎቹ ቶሎ ስለሚያልቁ ከፊት ወደ ኋላ እያዘዋወርን አራቱንም አብረን እንጨርሳቸዋለን።

የጎማውን ዓይነት ሲመርጡልኝ ሦስት ነገር ነው ያዩት። ጎማው ጎን ላይ ትራክሽን የሚለው ፊደል በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም አቅሙን ይናገራል፤ ደብል ኤ (AA) ከፍተኛው ነው፣ ከዚያ በታች አንወስድም አሉ። ትሬድዌር የሚለው፣ የጥርሱን ዕድሜ የሚያሳየው ቁጥር 200 ከሆነ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል። 500 ከሆነ ብዙ ይሄዳል፣ አያያዙ ግን ይላላል። 300 አካባቢ ያለው ለእኔ አነዳድ መሀል ሆነ። ይህን ቁጥር የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር በቁጥር ብቻ አታወዳድሩ። ሦስተኛው የፍጥነት ፊደሉ ነው። ዋይ (Y) ማለት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እዚህ ማንም በዚያ ፍጥነት አይነዳም፤ መንዳትም የለበትም። ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙንም ይነግረናል። ከባድና ጉልበተኛ መኪና ደግሞ ጎማ ያግላል።

የበጋ ጎማ ይሻላል ወይስ ለሁሉም ወቅት የሚሆነው የሚለውም ተነስቷል። የፈረንጅ "በጋ" ሙቀቱን እንጂ ድርቀቱን አይደለም፤ የበጋ ጎማ ዝናብ ላይ ጎበዝ ነው። የሚሸነፈው ከ7 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። አዲስ አበባ እዚያ የምትጠጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጎማው እስኪሞቅ ቀስ ማለት ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዋናው ጥርሱ ነው። ሕጉ በብዙ አገር 1.6 ሚሊሜትር ይበቃል ይላል፤ ጋሼ ለእንደዚህ ዓይነት መኪና 3 ሚሊሜትር ሲደርስ ክረምት አታስገባው ባይ ናቸው። ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል፤ ውሃውን የሚያስወጣው ጥርሱ ነው።

ጎማው ወዲያው አልተገኘም። ከአስመጪዎች እያጠያየቁ፣ የምርት ቁጥሩን በፎቶ እያስላኩ ቆዩ። ያረጀ ሲላክላቸው "ይሄ አይሆንም" ብለው መለሱት። በመጨረሻ የመጣው አራቱም አንድ ዓይነት፣ የምርት ጊዜያቸውም ተቀራራቢ ነበር። ሁለት ብቻ ልቀይር ላላቸው ሌላ ደንበኛም አራቱም ለምን አንድ ዓይነት መሆን እንዳለባቸው ሲያስረዱት ሰምቻለሁ።

ገጠማው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ የንፋሱን መጠን ወደ ዳሽቦርድ የሚልክ መሣሪያ አለ፤ ከመንፊያው ጋር ተያይዞ ነው የሚቀመጠው። ቦታውን ሳያዩ ጎማውን ያላቀቁ ሰዎች ይሰብሩታል። ጋሼ መጀመሪያ መንፊያው የት እንዳለ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ቸርኬውን በብሩሽ አጸዱ፣ ዝገቱን አነሱ፣ ጠርዙን በሳሙና ቀቡ። አራቱንም ባላንስ አደረጉ። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ አስያዙ። ከዚያ በንፋስ በሚሠራው መፍቻ አልጨረሱትም። ኃይሉን በሚለካው ቶርክ ሬንች፣ ፎርድ ባለው በ204 ኒውተን ሜትር፣ አንዱን ዘለል እያሉ በተቃራኒ አጠበቁ። "160 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ተመለስ" አሉኝ። ተመለስኩ፤ ድጋሚ ፈተሹት። ለዚያ ገንዘብ አልተቀበሉም።

አሮጌዎቹን ጎማዎች ሊገዛኝ የመጣ ሰው ነበር። ጋሼ ፈቃዴን ጠይቀው የአራቱንም ጎን በቢላ ቀደዱት። "ጥርሱን አይቶ የሚገዛው ሰው ልጆቹን ይጭንበታል" ነው ያሉት። ጎማዎቹ ጫማ ለሚሠሩ ሰዎች ሄዱ። እሳቸው ጋ ያገለገለ ጎማ አይሸጥም። ጎኑ የተበሳም አይለጠፍም፤ መሀሉ ከሆነ አውልቀው ከውስጥ ይለጥፉታል።

የንፋሱን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ትክክለኛው መጠን ጎማው ላይ የተጻፈው አይደለም፤ እሱ ከፍተኛው ገደብ ነው። የመኪናው ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። የሚለካውም ጠዋት ሳይነዳ ነው። እዚህ የተሞላ ጎማ አዋሽ ሲወርድ ሜትሩ ላይ ሁለት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል ቀንሶ ይታያል፤ የውጭው አየር እዚያ ስለሚከብድ ነው። የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ በትኩስ ጎማ ንፋስ አታስተንፍሱ፤ አድራችሁ ማለዳ ለኩ።

ከጎማው ቀጥሎ ወደ ፍሬን ነው የላኩኝ። እኔ ጎሚስታ ነኝ ብለው ጎረቤታቸው ያለ መካኒክ ጋ አገናኙኝ። የፍሬን ሸራው ተቀየረ። የፍሬን ዘይቱም ተቀየረ፤ እሱ ዓመት በገፋ ቁጥር ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ደረጃውን የጠበቀ፣ ዶት 4 የሚባለው አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት የጠጣው ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን እየያዘ የሚወርድ ከባድ መኪና ይህን ሙቀት ያገኘዋል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል።

አላይመንቱንም፣ ማለትም የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከሉን፣ ነገሩኝ። ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የሙስታንግ የኋላ እግሮች ለየብቻ የቆሙ ናቸው። ፊቱን ብቻ የሚያስተካክል ቤት አይበቃም፤ አራቱንም የሚለካ ፈልግ አሉኝ። ፈልጌ አሠራሁ። ከፊት ብቻ ተስተካክሎ ቢቀር አዲሶቹ የኋላ ጎማዎች በአንድ ጎን ተበልተው ያልቁ ነበር።

ሱፐርቻርጀሩን ትቼዋለሁ። ማርሚታውም እንዳለ ነው። አሁን መኪናው ዝናብ ላይ ሲነሳ ኋላው አይዋዥቅም፤ ሲቆም ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአዳማ ፈጣን መንገድ እናቴን ይዤ በክረምት ሄጃለሁ፤ መሪው በእጄ እርግት ያለ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ጋሼን ሙስታንግ ስላመጣሁ ብቻ እንዲህ የተጉልኝ እንዳይመስላችሁ። እኔ ቆሜ እያለሁ አንድ ቪትዝ የያዘ ወጣት መጣ። የእሱንም ቁጥር አነበቡለት፣ የእሱንም ዳዶ በዚያው መሣሪያ ለኩለት። የሚሠሩት ልጆችም እንደሳቸው ናቸው፤ ገንዘቡን ከመናገራቸው በፊት ሥራውን ይናገራሉ። እኔ መጀመሪያ ከተነገረኝ ዋጋ በላይ አንድ ብር አልከፈልኩም። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆቹንም ሰላም በሉልኝ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን በትክክል እልክላችኋለሁ። እሑድ ዝግ ናቸው። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ጥሩ ነው። የመኪናችሁ የሹፌር በር ላይ ያለውን የንፋስ ልክ ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ቸርኬያችሁ መቆለፊያ ዳዶ ካለው መፍቻውን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ከክሪኩ ጋር ነው የሚቀመጠው።